እናቴ በምን ሞተች?

እንጅባራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በሰው አገር ጤናዎን ጠብቆ፣ ከክፉ አሠሪ ሰውሮ ያኑርልኝ እያልሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም እህቴ ሕይወትም ደህና ነን። ሕይወት ዳንግላ የእናታችንን ቤት ይዛ ትኖራለች። አንድ መምህር ጠይቋት ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

በስልክ ያልነገርሁዎትን ነገር በወረቀት ላድርገው ብዬ ነው የጻፍሁ። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወዲህ እርስዎ በተራው መስመር ሲደውሉ አማቴ እማማ ምህረቴ «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኔም ሰላም ልበላት» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ነው የሚሰማው። ይህን ደብዳቤ የያዘችው ለእረፍት መጥታ ወደ አረብ አገር፣ ወደ አማን የምትመለስ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ፖስታውን በማስቲሽ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰዎት ይንገሩኝ።

አርግዣለሁ፤ አራተኛ ወር ይዣለሁ። ለክትትል ስሄድ ደም ወሰዱ። ነርሷ ሲስተር የምሥራች በሩን ዘግታ በደሜ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ እንዳለ ነገረችኝ። እኔ አንድም ቀን አልታመምሁም። በደም፣ በወሊድና በግብረ ሥጋ ይተላለፋል አለችኝ። ቤት ገብቼ ለባሌ ለምንይችል እንዳለችኝ ነገርሁት፤ እሱ ከሦስቱ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ያውቁታል፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል እየጫነ አዲስ አበባ የሚያወርድ ሰው ነው፤ በወር ውስጥ ግማሹን ቤት አያድርም። አሁን ሲመጣ ጭነቱን ሳያራግፍ መጀመሪያ የሚያየው የኔን ፊት ነው፣ ከዚያ የጎረቤቱን በር። አማቴም ለብቻዬ ጣሳ ለይተውልኛል። ከጎረቤታቸው ጋር በአዊኛ ያሙኛል። እኔ የዳንግላ ልጅ ስለሆንሁ አይገባትም ብለው ነው፤ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ቋንቋውን እንደለመድሁት አያውቁም፣ እኔም አልነገርኋቸውም። ትናንት «ባል በሌለበት የመጣ በሽታ ነው» ሲሉ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር፤ ማልቀሴን በሽንኩርቱ አሳበብሁ።

ከነርሷ በኋላ ያየኝ ሐኪም አንድ ነገር ጠየቀኝ። «እናትሽ በምን ሞተች?» አለኝ። በምች አልሁት። «ስንት ቀን አስተኛት?» አለኝ። አላውቅም። ያን ጊዜ ለትምህርት ተብዬ ጥሊሊ ከአባቴ ዘመዶች ዘንድ ተልኬ ነበር፤ የመጣሁት ለቀብሯ ነው። ያስታመሟት እርስዎ ነዎት። ዓይኗ ቢጫ ነበር ወይ? ሆዷስ አብጦ ነበር? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

ልጅዎ ሰርክአዲስ


አማን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ፣ የዓይኔ ማረፊያ ሰርክዬ፤

እመብርሃን ቀንሽን ታሳምርልሽ፣ ምጥሽን ታቅልልልሽ፣ በሰላም ታገላግልሽ። እርግዝናሽን ሳነብ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል ብዬ አሠሪዬ ምን ነካት ብላ ሮጣ መጣች። ደስታዬን በምን አረብኛ ላስረዳት።

ፖስታው አልተከፈተም። ልጅቱ ግን ሁለት ጊዜ «ምን ጽፋ ነው?» ብላኛለች፤ በእሷ እጅ ሁለተኛ አትላኪ። የኔን መልስ ወደ አገር የምትገባ ደህና ሴት ይዛዋለች።

የጻፍሽውን ሌላ ነገር በተመለከተ አትጨነቂ። የዛሬ ሐኪም ደም አይቶ ስም አያጣም። እናትሽ ይታይሽ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልንና፣ በምች ነው የሞተች። ጎመን ቀቅላ ላቧ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጣች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ይኸው ነው። ሰው የሚሞትበት ምክንያት አያጣም፤ ዋናው ቀኑ መድረሱ ነው።

ይልቅ ባልሽን ጠይቂው። ከሰል ነጋዴ ያደረበትን አልጋ የሚያውቀው አልጋው ብቻ ነው። ራሱ አምጥቶብሽ ይሆናል፤ ቀድሞ የጮኸ ሁሉ የተበደለ አይደለም።

ብቻ አደራሽን፣ የወፍ መድኃኒት እናጠጣሽ ቢሉሽ እንዳትጠጪ። ያ በባዶ ሆድ የሚያጠጡት ቅጠል አንጀት ይበጥሳል። ማንም ቢያመጣው፣ ቄስም ቢባርከው እንዳትቀምሽው። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።

ለልጁ ስድስት ልብስና አንድ ብርድ ልብስ ልኬአለሁ። ስለ ሕይወት ሠርግ በደንብ ጻፊልኝ። መምህሩ ወገኑ ማን ነው? ጠያቂ ሰዎች ናቸው ወይስ ዝምተኞች?

አክስትሽ ወርቅአየሁ


እንጅባራ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

በሰው አገር ያለ ጠያቂ አያስቀርዎ። ልብሶቹ ደርሰዋል፣ ያምራሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብሁት፤ በአራተኛው እንቅልፌ ጠፋ። የወፍ መድኃኒት የሚል ቃል እኔ አልጻፍሁም። እኔ የጻፍሁት ጉበትና ደም ብዬ ነው። በአገራችን ያን ቅጠል የሚያጠጡት ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ተብሎ። በምች ለሞተች ሴት ይህ ነገር ከየት መጣ? ምች ቢሆን ዳማከሴ ይሉኝ ነበር።

በሦስት ቀን ሞተች ብለዋል። ጥሊሊ ከመላኬ በፊት ቀሚሶቿ ሁሉ በወገባቸው ተተርትረው እንደገና ሲሰፉ አስታውሳለሁ። የሚሰፉት እርስዎ ነበሩ። ልጅ ስለነበርሁ ያረገዘች መስሎኝ ወንድም ልናገኝ ነው እያልሁ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ።

ሐኪሙ ያለኝን ልጻፍልዎት። ሰውነት ዘበኛ አለው፣ ባዕድ ሲገባ የሚነሳ። ሰው አድጎ ይህ ቫይረስ ቢገባበት ዘበኛው አብዛኛውን ጊዜ ተጣልቶ ያስወጣዋል። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የወሰደው ሕፃን ግን ሰውነቱ ቫይረሱን ከቤቱ ልጆች እንደ አንዱ ያየዋል፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። ያንቺ ደም የሚመስለው እንዲህ ያለውን ነው አለኝ፤ ቫይረሱ ብዙ ነው፣ ጉበትሽ ግን አልተቆጣም። እርግዝናም በበኩሉ ዘበኛውን ያለዝበዋል፤ ልጁ ግማሹ የአባቱ ስለሆነ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጣላው። ከወለድሽ በኋላ ግን ሊነቃና ጉበትሽን ሊያሳምም ይችላልና እንዳትጠፊ አለኝ። ለልጁ የሚተርፈው ቫይረስ እንዲቀንስ ከአሁን ጀምሮ በየቀኑ የምውጠው ኪኒን ሰጥቶኛል።

«ታዲያ ከእናቴ ነው?» አልሁት። «እኔ እናትሽን አላየኋትም፤ ያየ ሰው ጠይቂ» አለኝ። ያየ ሰው እርስዎ ነዎት።

ምንይችል አዲስ አበባ ተመርምሬ ነጻ ነኝ ብሏል። ወረቀቱን አሳየኝ ስለው መኪና ውስጥ ረሳሁት አለ። ሲተኛ ወጥቼ መኪናውን ፈተሽሁ፣ የለም። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ፣ የባሌን መኪና የምበረብር።

የኛ ነገር በሽማግሌ ሊታይ ነው። የሚቀመጡት ከጥር ሃያ ሦስት በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፈረሰኞች ስለሆኑ ከጊዮርጊስ የፈረስ በዓል በፊት ከፈረሳቸው ሌላ ነገር አይታያቸውም። እስከዚያ ድረስ ጊዜ አለዎት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሌላውን ሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል?

ልጅዎ ሰርክአዲስ


አማን፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን።

ይህ የአንቺ አነጋገር አይደለም። እኔ ያሳደግኋት ሰርክአዲስ አክስቷን እንደ ዐቃቤ ሕግ አታፋጥጥም። ከጎንሽ ቆሞ የሚያስጽፍሽ ማን ነው? ባልሽ ከሆነ፣ ደብዳቤዬን ቀድሞ የሚያነበውም እሱ ከሆነ፣ ይኸው ያንብብ፤ የእህቴን ልጅ ስም የሚያጠፋ ሰው ዕድሜ አያይም።

አንቺ ግን ልብ በይ። ዛሬ ባለጌ ብለውሻል። የፈለግሽውን ወረቀት ብጽፍልሽ ደግሞ ዘሯ ነው ይላሉ። ባለጌ መባል ለአንቺ ብቻ ነው፣ በጊዜ ይረሳል። ዘር ግን ለሕይወትም ነው፣ ለሠርጓ ሦስት ወር ለቀራት ልጅ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ስለ ይታይሽ ሁለተኛ አትጠይቂኝ። ለመውለጃሽ የሚሆን ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ሲደርስሽ አስታውቂኝ።

ወርቅአየሁ


እንጅባራ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘቡ ደርሷል፤ አልነካሁትም።

የሚያስጽፈኝ ሰው የለም። ፊደሌም ተበላሽቶ ካዩት፣ እጄ ከእርግዝናው አብጦ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። የንስሐ አባታችን ቄስ ይሄይስ «ልጄ፣ የምትናገሪው ካለሽ ተናገሪ» አሉኝ። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ሕፃኑ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከዚያ አንዱ «እናትሽ ይህ እንደነበረባት የሚመሰክር አለሽ?» አሉ። የለኝም አልሁ። ምንይችል ተነስቶ «እንግዲያ ልጁም የኔ መሆኑን አላውቅም» አለ፤ ስምንት ሰው ፊት። እስክትወልድ ትቆይና ከዚያ ይታያል ተብሎ ተበተነ።

አሁን ልብ ብለው ያንብቡኝ። ልጁ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚወጋው ክትባት አለ። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን የሚያግደው እሱ ነው። እዚህ ለሕፃናት የሚሰጠው ስድስት ሳምንት ላይ ነው የሚጀመረው፤ ያን ጊዜ ለኔ ልጅ ረፍዷል። የመጀመሪያው ቀን የሚሆነው ከባሕር ዳር ተገዝቶ በረዶ ባለው ሣጥን መምጣት አለበት። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ መኪና ይዞ መንገድ የሚደፍር የማውቀው ሰው ምንይችል ብቻ ነው። ለመንሁት። «የኔ መሆኑ ሲታወቅ አመጣለሁ» አለኝ። እስኪታወቅ ሰዓቱ ያልፋል። የሰው ልጅ በአንድ ቃል የሚድንበት ጊዜ አለ፣ ቃሉ ደግሞ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

አማቴ የወፍ መድኃኒት በጠርሙስ አስመጥተው ነበር። ለክፋት አይደለም፤ ልጁ የልጃቸው ቢሆንስ ብለው ሳይፈሩ አይቀርም። የጠጣሁ መስዬ ጓሮ ደፋሁት። እርስዎ በሰማይም በምድርም አደራ ስላሉኝ ነው የደፋሁት። እንዲህ አድርገው ያስጠነቀቁኝ ሰው ሲጠጣው አይተው ነው፤ ማን እንደሆነ እኔ አልጻፍም።

ሕይወትንም ተመርመሪ አልኋት። እምቢ አለችኝ። አጥብቄ ስጠይቃት «አክስቴ ከልክላኛለች» አለች። ለኔ ሁለተኛ አትጠይቂኝ ብለው፣ ለእሷ በስውር ደውለዋል ማለት ነው። ስለዚህ ያውቃሉ።

አልቆጣም፣ ሰዓት የለኝም። በመጋቢት መጨረሻ እወልዳለሁ።

ሰርክአዲስ


አማን፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፤

ይህን ይዛ የምትመጣው ከኔ ጋር ያለች የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ በአውሮፕላን ነገ ትሳፈራለች፣ እጅሽ ላይ ሳታስቀምጥ እቤቷ እንዳትገባ በመስቀል አስምያታለሁ። ለሽማግሌ አንብቢው። ካልፈለግሽ አቃጥይው። እኔ እንደሆነ ጽፌዋለሁ፣ ወደ ውስጥ አልመልሰውም።

እናትሽ በምች አልሞተችም።

በ2005 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሥራ ደም ልሰጥ አዲስ አበባ ሄድሁ። አታልፊም አሉኝ፤ የጉበት ቫይረስ አለብሽ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፣ ደግ ልጅ። «እህቶችሽም ልጆቻቸውም ይመርመሩ፣ ይህ ከእናት ይወረሳል» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። እናታችንም ሆዷ አብጦ ነው የሞተች፤ ስሰማ ወዲያው ገባኝ። ወረቀቱን አባይ በረሃ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ጣልሁት። ደላላው በሌላ ሴት ደም አሳልፍሻለሁ፣ ጥቂት ወር ታገሺ ብሎኝ ነበር።

ዳንግላ ስገባ ይታይሽ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ሆዷ በየሳምንቱ ያድጋል፤ ቀሚሷን የማሰፋው እኔ ነበርሁ፣ እውነትሽን ነው። አንቺን ጥሊሊ ያስላክሁሽም እኔ ነኝ። ልጅ ዓይን አለው ብዬ። ሆስፒታል ብትሄድ የበሽታው ስም ይወጣል፤ የእሷ ከወጣ እህቷስ ይባላል፤ የኔ ከወጣ ጉዞዬ ይቀራል። ስለዚህ ወፍ ነው አልሁ። በጋሪ አሳፍሬ ወደ መድኃኒተኛው የወሰድኋት እኔ ነኝ። አምስት ጠዋት ጠጣች። እኔ ጽዋውን ያዝሁላት። በስድስተኛው ደም አስመለሳት፣ እስከ ማታ አልቆየችም። ለለቀስተኛው ምች ነው ያልሁትም እኔ ነኝ፤ ጎመኑንም ፀሐይዋንም የፈጠርሁት እኔ ነኝ።

ሐኪም ያድናት ነበር ወይ? አላውቅም። አልሞከርሁትም።

ከዚያ በሌላ ሴት ደም መጣሁ። እዚህ ደርሼ እንደገና ደም ሊወስዱኝ ሲሉ ከመጀመሪያው ቤት ጠፋሁ፤ እስከ ዛሬ ያለ መኖሪያ ወረቀት ነው የምሠራ። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን አንቺ በልጅነትሽ ታውቂው ነበር፤ ዛሬ ማንም አፍ አይከፍትብሽም ነበር። በየወሩ የምልከው ገንዘብ ሁሉ ይህን አፌን መሸበቢያ ነበር። የናንተን ሳይሆን የኔን።

ሕይወትን እንድትመረመሪ አክስትሽ ፈቅዳለች ብለሽ ንገሪያት። እኔ ለመደወል አፈርሁ።

አክስትሽ


እንጅባራ፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከመውለዴ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ለሽማግሌ አላነበብሁትም። ለምንይችል ብቻ ሰጠሁት። ከሰል የተጫነበት መኪና ላይ ተደግፎ ቆሞ አነበበው፤ ጨርሶ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና አነበበው። በኪሱ ሊከተው ሲል እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁት። በማግስቱ ጭነቱን አራግፎ ባዶ መኪና ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወጣ፤ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ቀን ቆየ። ሲመለስ ሣጥኑን እንደ ታቦት ታቅፎት ነበር። አምጥቶ ለሲስተር የምሥራች ካስረከበ በኋላ ነው ውሃ የጠጣ።

ሴት ልጅ ወለድሁ። በተወለደች በዘጠነኛው ሰዓት ተወጋች። ጮኸች፣ ወዲያው ዝም አለች።

በአምስተኛው ሳምንት እኔ ታመምሁ። ሐኪሙ እንደፈራው ዘበኛው ነቅቶ ጉበቴን ተቆጣው። ዓይኔን በመስታወት ሳየው ቢጫ ነው፤ እናቴ በመጨረሻ ምን እንደምትመስል እንዲህ አድርጌ አየሁ። ኪኒኑን ስላላቋረጥሁ አሁን እየቀለለኝ ነው።

ምንይችልም እኔ ባለሁበት ተመረመረ። ውጤቱን የነገረን ሐኪሙ ነው። ቫይረሱ አሁን የለበትም፤ ግን ቀድሞ ይዞት ያውቃል፣ ሰውነቱ ተጣልቶ አስወጥቶታል። መቼ ያዘው አልሁ። «ደም ቀን አይጽፍም» አለኝ። ከኔ ይሆናል፣ ከልጅነቱ ይሆናል፣ ከመንገድም ይሆናል። አዲስ አበባ ያገኘው ወረቀትም ይህንኑ ይል እንደነበር ኋላ አመነልኝ፤ ስለፈራ ቀዶ ጥሎት ነው። አሁን ከጉዞ ሲመለስ የት እንዳደረ፣ ከማን ጋር እንደበላ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። ሳልጠይቀው መናገሩ ነው የሚያጠራጥረኝ። ለሽማግሌዎቹ ግን ራሱ ሄዶ «ልጅቷ የኔ ናት፣ ሚስቴን በድያለሁ» ብሏል። አማቴ በአዊኛ «ተናግሬ ነበር፣ ደህና ልጅ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። አልተናገሩም ነበር።

ሕይወትን እጇን ይዤ ወስጄ አስመረመርኋት። አለባት። ለመምህሩ ራሷ ነገረችው፤ እሱ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ ክትባት ጀምሯል። ሠርጉ ለጥር ተላልፏል። ይሆናል አይሆንም፣ እናያለን።

ስለ እናቴ የምጽፍልዎትን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ውሸት ይብቃ። ጽዋውን ይዘውላት ነበር። የእርስዎ አንድ ወረቀት ደግሞ ልጄን እንዳተረፈልኝ አውቃለሁ። ሁለቱን ምን ላድርጋቸው? ላስታርቃቸው አልቻልሁም።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። በዚያ ሁሉ ኑዛዜ ውስጥ ስለ ራስዎ ጉበት አንድ ቃል የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። አሁንም እየደበቁ ነው፤ አሁን ከኔ ነው ወይስ ከራስዎ? ያለ መኖሪያ ወረቀት የሚያክም የእርዳታ ክሊኒክ እዚያም እንደማይጠፋ ሲስተር የምሥራች ነግራኛለች፤ ይፈልጉ።

ልጅቷ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ደሟ ይታያል። ማን እንደምትመስል፣ ማን ብለን እንደጠራናት ሊጠይቁኝ ነው፣ አውቅዎታለሁ። ልብስ አይላኩ። ገንዘብም አይላኩ። የምርመራ ወረቀትዎን ይላኩልኝ፣ ስሙ የእርስዎ የሆነ፣ ደሙም የእርስዎ የሆነ። እሱ እስኪደርሰኝ የልጄን ስም አልነግርዎትም።

የይታይሽ ልጅ
ሰርክአዲስ